ሰ፣ ሸ እና ጸ፦ ግልጽ የጥርስ ማስተካከያና የወሎ አንደበት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአዲስ አበባ የጥርስ ክሊኒኮች በሚለጥፉት ማስታወቂያ ላይ የብረት ሽቦው ብቻውን መታየቱ ቀርቷል። ከጎኑ ስስና ጥርት ያለ፣ ጥርስ ላይ ሲለበስ ከሩቅ የማይለይ ፕላስቲክ ተሰልፏል። «አላይነር» የሚሉት አሉ፤ በታዋቂው ምርት ስም «ኢንቪዛላይን» እያሉ የሚጠሩትም ጥቂት አይደሉም። የገጠጠ ወይም ደርቦ የበቀለ ጥርሱን ማስተካከል የሚሻ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሽቦ ወይስ ፕላስቲክ የሚል ምርጫ ይቀርብለታል።

ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ መልክ ነው። አይታይም፣ ይወልቃል፣ ለመብላት አያስቸግርም ይላል። ስለ አንደበት የሚለው ነገር ግን ከስንት አንዴ ነው። በእኔ እምነት ለወሎ ሰው ቀድሞ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ይኸው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ሰው በአንደበቱ እንጀራ የሚበላባቸው ከተሞች ናቸው። የክፍል መምህሩ፣ ቁርአን የሚያስቀራው ኡስታዝ፣ የዜማ ቤቱ ተማሪ፣ መንዙማ አውራጁ፣ ሰኞ ገበያ ዋጋ የሚጠራው ነጋዴ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ማሽን እየጮኸ ትእዛዝ የሚያስተላልፈው የፈረቃ ኃላፊ፣ ሁሉም የሚሠሩት በአፋቸው ነው። ለእነዚህ ሰዎች አፍ ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ ከመልክ በፊት የሥራ ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሃሮልድ ኬዝሊንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ለአፍ ልክ በተሠራ የጎማ ቅርጽ ጥርስን ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። አሁን የምናውቀውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1997 ዚያ ቺሽቲ እና ኬልሲ ዊርዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ አላይን ቴክኖሎጂን ካቋቋሙ በኋላ ነው። የአፍ ቅርጽ በኮምፒውተር ይነሳል። ጥርሱ ዛሬ ካለበት እስከሚፈለግበት ቦታ ያለው መንገድ በትናንሽ እርከኖች ይከፋፈላል፤ ለየእርከኑም አንድ ጥንድ ፕላስቲክ ይሠራል። አንዱ ጥንድ ጥርስን የሚያንቀሳቅሰው ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይለበስና በሚቀጥለው ይተካል። በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ይህን የሰዓት ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ስለ ቡና ስናወራ እንፈልገዋለን።

ሰ የሚለው ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ እዚያው በተቀመጣችሁበት ሞክሩት። የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ፣ ድዱ እብጥ ወደሚልበት ቦታ ይጠጋል፤ ግን አይዘጋውም። ምላስ መሐሉን ጎድጎድ ያደርግና ትንፋሽ በዚያች ጠባብ መንገድ ሾልኮ የጥርስን ጠርዝ ይመታል። ያ ፉጨት መሰል ድምፅ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። በምላስና በድድ መካከል የምትቀረው ክፍተት እጅግ ትንሽ ናት፤ ከፍ ወይም ዝቅ ብትል ሰ ወደ ሸ ያዘነብላል፣ አለዚያም ምላሱ በጥርሶቹ መሐል እንደሚወጣ ሕፃን ይኮላተፋል። አላይነሩ ታዲያ ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ይዞ የሚቀመጠው ልክ በዚህች ቦታ ነው። ከላይም ከታችም ስለሚለበስ ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም በመካከል ሁለት ድርብ ፕላስቲክ ይገባል፤ አፍም እንደ ወትሮው አይገጥምም። ምላስ ለዓመታት ወደለመደው ቦታ ሲሄድ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። አፍ ባዕድ ነገር ሲሰማው ደግሞ ምራቅ ያበዛል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ንግግር የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው።

የአማርኛ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቋንቋችን በምላስ ፊትና በጥርስ አካባቢ የሚወጡ ድምፆች ብዙ ናቸው፦ ሰ፣ ዘ፣ ሸ፣ ዠ፣ ቸ፣ ጀ፣ ጨ፣ ጸ። ተ፣ ደ፣ ጠ፣ ነ እና ለም በመጠኑ ይነካሉ። በከንፈር የሚወጡት መ እና በ፣ ከኋላ የሚወጡት ከ፣ ቀ፣ ገ እና ሀ ግን ፕላስቲኩ መኖሩንም አያውቁም። ስለዚህ አዲስ አላይነር የለበሰ ሰው ሐይቅን እንደ ወትሮው ይጠራል፤ ደሴ፣ ከሚሴ፣ መርሳ እና ውጫሌ ላይ ሲደርስ ግን ይሰማበታል። መናኸሪያ ቆሞ «ደሴ፣ ደሴ፣ ደሴ!» እያለ የሚጣራ ረዳት ቀኑን ሙሉ የሚደጋግማት ስም ፕላስቲኩ የተቀመጠበትን ቦታ የምትነካ ናት።

ቁጥር ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። ከአንድ እስከ አሥር ብትቆጥሩ ከሰ እና ከዘ ነጻ ሆነው የምታገኙት አንድ፣ ሁለት እና አራት ብቻ ነው። ከአሥሮቹ ደግሞ ሃያ እና አርባ። የቀረው ሦስት ነው፣ ስድስት ነው፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ ሺህ። የባንክ ሠራተኛ የሂሳብ ቁጥር፣ ነጋዴ የስልክ ቁጥር፣ ፋርማሲስት የመድኃኒት መጠን በተናገረ ቁጥር ምላሱ የሚፈተነው በእነዚህ ነው። ስልክ ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል፤ መደበኛው የስልክ መስመር ከፍተኛውን የድምፅ ሞገድ ቆርጦ ስለሚያስቀር የሰ ጉልበት ከፊሉ በመንገድ ይቀራል። ፊት ለፊት ሲያወሩት በግልጽ የሚሰማው «ስልሳ ስድስት» በስልክ «እስቲ ድገሚልኝ» የሚያሰኘው በዚህ የተነሳ ነው። በአማርኛ ድምፅ መጥበቁም ሌላ ሸክም ይጨምራል። «ሳሳ» ወይም «ሸሸ» ስንል ሁለተኛውን ፊደል ጠበቅ አድርገን እናቆየዋለን፤ በቆየ ቁጥር ጉድለቱም ይረዝማል።

ጠ፣ ጨ እና ጸ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እነዚህ ድምፆች የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ፣ ምላስ ከፊት ገድቦ፣ በመካከል የታመቀው አየር በድንገት ሲለቀቅ ነው። ምላስ የሚገድበው እርጥብና የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ግድቡ በቀላሉ ያፈሳል። ከሦስቱ ጸ ይከብዳል፤ ገድቦ መልቀቅን ከሰ ጠባብ መንገድ ጋር አጣምሮ ይጠይቃልና። በአገራችን ብዙ ቦታ ጸጉርን ጠጉር፣ ጸሐይን ጠሐይ የሚል ሰው አለ። እንዲህ የሚናገር ሰው ከዚህ ፈተና ግማሹ የቀለለት ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ግን የሚነግረን የታተመ መመሪያ ያለ አይመስለኝም። የአላይነር ማላመጃ መመሪያዎች የተጻፉት በብዛት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ጸ የለውም፣ ጨም የለውም።

ወሎ ውስጥ ጉዳዩ ከዕለት ንግግር ያልፋል። ቁርአን በተጅዊድ፣ ማለትም በአነባበብ ሥርዓቱ፣ የሚቀራ ሰው የእያንዳንዱ ሐርፍ (ፊደል) መውጫ ቦታ ተለይቶ ተነግሮታል። ሳ፣ ዛል እና ዟ የሚባሉት ሦስቱ ሐርፎች የሚወጡት የምላስ ጫፍ የላይኛውን የፊት ጥርስ ጠርዝ ሲነካ ነው፤ አላይነር የለበሰ ሰው ምላስ የሚነካው ግን ጥርሱን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው። ሲን፣ ሷድ እና ዛይ ደግሞ በፉጨታቸው የታወቁ ናቸው፤ ፉጨቱ ሲደበዝዝ ደህና ጆሮ ያለው ኡስታዝ ወዲያው ይሰማዋል። በንባብ ቤትም እንደዚሁ ነው። መምህሩ ወዳቂውንና ተነሹን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን እየለየ የሚያርመው ተማሪ አፍ ውስጥ ፕላስቲክ ቢገባ ስህተቱ ከማን እንደሆነ ለማወቅ ይቸገራል። ለእንዲህ ያለ ሰው የምመክረው ነገር ግልጽ ነው። መጀመሪያ መምህሩን ያማክር፤ ሕክምናውንም በረመዳን ዋዜማ ወይም ትልቅ በዓል ሲቃረብ አይጀምር። የሚያሰማው ነገር በሌለበት ሰሞን ጀምሮ ጥቂት ሳምንታት ለራሱ ይስጥ።

እነዚያ ጥቂት ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ይበቃሉና። በተለያዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች በዝርዝር ቢለያዩም በአጠቃላዩ ይቀራረባሉ። አላይነር እንደተለበሰ የንግግር ለውጥ ይሰማል፤ አብዛኛው ሰው ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ ወደ ቀድሞ አነጋገሩ ይመለሳል፤ ጥቂቶች ላይ ትንሽ ቅሪት እስከ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ከጥርስ ጀርባ ከሚታሰረው ሽቦ ጋር ሲነጻጸር የአላይነሩ ተጽዕኖ በጣም ያነሰ ነው። ከፊት ለፊት ከሚታሰረው ሽቦ ጋር ሲነጻጸር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጣል። ለውጡን ከሁሉ አብልጦ የሚሰማውም ራሱ ባለቤቱ ነው፤ አድማጭ ያላስተዋለውን እሱ አጋንኖ ይሰማዋል። «አብሽሪ፣ እኛ ምንም አልሰማንም» የሚሉ ጎረቤቶች ለማጽናናት ብቻ የሚናገሩ አይምሰላችሁ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

መላመዱ የሚመጣው ምላስና ጆሮ ተመካክረው ነው። ጆሮ የተበላሸውን ሰ ይሰማል፤ ምላስ በሚቀጥለው ጊዜ በፀጉር ስፋት ወደ ኋላ ይላል፤ አሁንም ካልሆነ እንደገና ይሞክራል። ሰውየው ሳያውቀው ይህ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ይካሄዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ መናገር ነው። ዝም ያለ ሰው አይላመድም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው ፊት ሲቀርቡ ፕላስቲኩን አውልቆ ኪስ ውስጥ መክተት ነው፤ ምላስ ሁለት አፍ እንዲለምድ ይገደድና አንዱንም በቅጡ ሳይዝ ይቀራል። ጥርሱም በታቀደለት ልክ ሳይንቀሳቀስ ይቀርና የሚቀጥለው እርከን አልገባ ይላል።

እንግዲህ ያቺ የ22 ሰዓት ቁጥር እዚህ ላይ ትመጣለች። ከቀኑ የሚተርፈው ሁለት ሰዓት ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት በግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢያልቁ እንኳ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቀራል፤ ጥርስ መቦረሹም ከዚያው ላይ ነው። ቡና ደግሞ ደሴ ውስጥ በግማሽ ሰዓት አያልቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል፣ ቡና ቁርሱ እስኪበላ፣ ምርቃቱ እስኪደርስ ሰዓቱ ይነጉዳል፤ በቀን አንዴ ብቻ የሚጠጣበት ቤትም ብዙ አይደለም። በአላይነር ላይ ትኩስ ቡና መጠጣት አይቻልም፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡናው ያቀልመዋል፣ ስኳሩም ፕላስቲኩና ጥርሱ መሐል ተይዞ ጥርስ ያበላሻል። ጫት የሚቅም ሰው ከሆነ ስሌቱ ከነጭራሹ ይፈርሳል። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምግቡና ቡናው ሲደመርበት ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ይወርዳል። ይህን የምለው ማንንም ለመኮነን አይደለም። ሐኪሙ «በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት» ብሎ በደፈናው ሲናገር የሰውየውን ቀን አያውቀውም፤ ሰውየውም ቀኑን ዘርዝሮ ሳይነግረው ይስማማል። በስድስተኛው ወር ጥርሱ ሳይስተካከል፣ አንደበቱም ሳይመለስ ሲቀር ሁለቱም ይገረማሉ። መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም። ስኒዎቹን በአንድ መቀመጫ መጨረስ፣ አፍን ተጉመጥምጦ ወዲያው መልበስ፣ ቡና ሁለቴ የሚፈላበት ቀን ላይ አንዱን በውኃ መሸኘት ይቻላል። በየቀኑ የሚቅምና መቃሙን ለመተው ያላሰበ ሰው ግን ገንዘቡን አላይነር ላይ ባያውል ይሻለዋል፤ ሽቦው ይበጀዋል።

ልምምዱ ራሱ ቀላል ነው። አዲስ ጥንድ ማታ ከመኝታ በፊት ቢለበስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእንቅልፍ ያልፋሉ። ጠዋት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ዳዊቱን፣ ሌላው ጋዜጣውን፣ በመጀመሪያ ቀን በጣም በዝግታ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ በተለመደው ፍጥነት። ከዚያ ከስልሳ እስከ ሰማንያ መቁጠር። ከዚያ የሥራ ቃላትን መደጋገም፤ መምህር የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር፣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ። ምላስን በኃይል ወደ ፕላስቲኩ መግፋት አያስፈልግም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ማለቱ ይበቃል። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ይረዳል። ፕላስቲኩ ጥርስ ላይ በደንብ መቀመጡንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በመካከል አየር ከቀረ ሲናገሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። በየእርከኑ ለውጥ ችግሩ ለአንድ ቀን ያህል ብቅ ሊል ይችላል፤ ያ የሚያሰጋ አይደለም። አንድ ወር አልፎ አሁንም ሰው «ምን አልሽ?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የታካሚዋ ላይሆን ይችላል። ጠርዙ ከድድ በላይ ረዝሞ፣ ወይም ሻክሮ፣ ወይም ልኩ ስቶ ይሆናል። ይህን ሐኪም ያስተካክለዋል፤ ቤት ውስጥ በሞረድ መሞረድ ዕቃውን ማበላሸት ነው።

ስለ ፍንጭትም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ዘንድ የፊት ጥርስ ፍንጭት ውበት ነው። የኮምፒውተሩ እቅድ ግን ክፍተት ባየበት ሁሉ መግጠምን ግቡ ሊያደርግ ይችላል። ፍንጭቷን የምትወድ ሴት ከመጀመሪያው ይህን ካልተናገረች የጠየቀችው የታችኛው ጥርሷ እንዲስተካከልላት ሆኖ ሳለ ፍንጭቷ ተዘግቶ ልታገኘው ትችላለች። ፍንጭት ሲዘጋ ደግሞ ሰ የሚወጣበት መንገድ ይለወጣል፤ ፕላስቲኩ ወልቆ ካለቀም በኋላ አዲሱን አፍ መልመድ ይጠይቃል። በሕፃንነታቸው «ግግ» ተብሎ የክራንቻቸው ቡቃያ የተነቀለባቸው ሰዎችም አሉ፤ ያን የሚከተለው የጎደለ ወይም የተጣመመ ክራንቻ በአላይነር ብቻ የሚስተካከል አይደለም። ክብ ቅርጽ ያለውን ጥርስ ማዞር የዚህ ፕላስቲክ ደካማ ጎን ነው።

መንገዱና ገንዘቡም ሌላ ራስ ምታት ናቸው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት ቀጠና ሆነው ሆስፒታላቸው ተዘርፏል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ሲቋረጥ አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቁሱ ወይም መሣሪያው ከውጭ የሚመጣ ሕክምና ከዚህ አያመልጥም። በዚህ ሁኔታ አላይነር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ሐኪሙ ካመነበት የበርካታ እርከን ጥንዶችን በአንድ ጊዜ ይዞ መመለስ ይቻላል፤ ሽቦው ግን በየወሩ ገደማ የሐኪም እጅ ይፈልጋል፣ መንገድ ላይ ሲበጠስም ጉንጭ ይወጋል። መጥፎው፣ ጥርሱ ከእቅዱ ሲወጣ የሚያየው ሰው ከሌለ ታካሚው እያንዳንዱን እርከን በከንቱ ሲቀይር ይከርማል። በፎቶ እከታተላለሁ የሚል ክሊኒክ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር አለበት። በፖስታ አላይነር እየላከ ገበያውን ያናወጠው የአሜሪካው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ድንገት ሲዘጋ ሕክምና መሐል ላይ የነበሩ ደንበኞቹን ያለ ተከታታይ ትቷቸዋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ፕላስቲክ፣ ድድና የጥርስ ሥር በራጅ ሳይታይ የሚለበስ ከሆነ፣ መጨረሻው ከዚህ የተሻለ አይሆንም።

እንግዲህ ምርጫው የሚቆመው በታካሚው ኑሮና ሥራ ላይ ነው። ችግሩ ቀላል፣ ቀኑ ሥርዓት ያለው፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት መኮላተፍን የሚችል ሰው በአላይነር ይጠቀማል። ቀኑን በጫትና በቡና የሚያሳልፍ፣ ወይም ጥርሱ በጣም የተዛባ ሰው ከፊት የሚታሰረው ሽቦ ይሻለዋል፤ አንደበቱም ያን ያህል አይነካበትም።

ለጥርስ ሐኪሞቻችን የምለው ይህ ነው። አላይነሩን አልብሳችሁ መስታወት ስታቀርቡ ታካሚውን አናግሩት። ከስልሳ እስከ ሰማንያ ይቁጠር፣ የሰፈሩን ስም ይጥራ፣ ሥራው የሚጠይቀውን ቃል ይበል፤ የመጀመሪያውን ቀን ድምፅ በስልኩ ቀድታችሁ ስጡት፣ ከአንድ ወር በኋላም ከአዲሱ ጋር አነጻጽሩት። ወጪ የለውም፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እናንተም ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ለዚህ ሕክምና የምትሄዱ ወገኖች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሥራዬ ይህ ነው፣ አንደበቴ ለስንት ጊዜ ይያዛል? መንገድ ቢዘጋ ማን ያየኛል? ፕላስቲኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ሌላ የሚሠራልኝ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ አትክፈሉ።